ባዶ የተተወው ጭን

ልጄ ፍሎሪስ በወረቀት የሚታተም ሥዕል መዳብ ላይ ሲቀርጽ የሞቱ የሥዕል ሊቃውንትን የእጅ ሥራ አስመስሎ የሃርለምን ከተማ ሁሉ ያታልላል። "አንተ የሙታን ጸሐፊ፣ የራስህ እጅስ የታለ?" እያሉ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት ከረሙ። ስለዚህ እኔን ፊቱ አስቀምጦ መልኬን እያየ ሐዘንተኛዋን ማርያምን በአንድ የጥንት ሊቅ እጅ ቀረጸና ጭኗን ባዶ ተወው። እዚያ ላይ የሚተኛውን የሞተውን ክርስቶስ በራሱ እጅ ሊሠራው ነው።

ሳል ከጀመረው ሳምንቱ ነው። እኔም እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት መዳቡን ቀለም ቀብቶ ለሙከራ ወረቀት ላይ አተመው። ወረቀቱን ሳነሳው ሥዕሉ ውስጥ ጭኔ ላይ ሬሳ ተዘርግቷል፤ አገጩ ላይ የልጄ ጠባሳ አለ።

"ምን ዓይነት ሟርት ነው? የራስህን ፊት ሰጠኸው?"

"የቱን ፊት፣ እማዬ? እሱን እኮ ገና አልጀመርኩትም" አለና ሳሉ አቋረጠው።

ቀለሙን ከመዳቡ ላይ ጠረግኩት። ጭኑ ያለበትን ቦታ በጣቴ ደጋግሜ ዳሰስኩት። አንድም ጭረት አልነበረበትም።