ስድስት አሃዝ ኮድ

ሰውየው ወፍ የሚያረግፈውን የሟች ሚስቱን ድምፅ ያኖረበትን አካውንት በአዲሱ ስልኩ ሊከፍት ቢሞክር «ኮድ አምጣ» አለው። ሞባይል ጥገና ቤት ገባ።

«ከሰማይ በታች ያለውን የመግቢያ ኮድ የሚያወጣ አፕ ሁሉ መርምሬ ጥብቁን የመረጥኩ ሰው ነኝ! ሰይጣን ከነሠራዊቱ ቢመጣ አይሰብረውም!»

«ታዲያ እርስዎስ በምን ሊገቡ ነው ጋሼ?» ሳቀች ባለሙያዋ። «መጠባበቂያ ኮድ አለዎት?»

«መጠባበቂያ የፈሪ ነው!»

«እንግዲያው አፑ ያለበትን ስልክ ያምጡልኝ። ሌላ መክፈቻ የለውም።»

ሰውየው ክው አለ። እሱ ስልክ መጣል ስለሚያበዛ አፑን የጫነው በሚስቱ ስልክ ላይ ነበር። በአርባዋ ዕለት ልብሷን ለነዳያን ሲያድል ስልኳንም ጨምሮ ሰጥቷል፤ ከመስጠቱ በፊት ግን፣ ማንም ገመናዋን እንዳያይ፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ በገዛ እጁ ጠራርጎ አጥፍቶታል።