የቅዳሜ ውሃ

ጌዚነ ልጇን አንትየን ሁልጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ በቆርቆሮ ገንዳ ታጥባታለች። ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ ኪል በተባለችው የወደብ ከተማ ውስጥ የድንጋይ ከሰል እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ውሃ የሚሞቀው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው።

የልጅቷ አባት ዴትሌፍ የሰርጓጅ መርከብ መካኒክ ነበር። አንትየ ሳትወለድ መርከቡ አርባ አራት ሰዎች እንደያዘ አትላንቲክ ውስጥ ቀረ። ጌዚነ ማርገዟን የነገረችበት ደብዳቤ ሳይከፈት ተመለሰላት።

ያን ቅዳሜ አንትየ አንድ ጆሮዋን ውሃው ውስጥ ነክራ አልነሳ አለች።

«ምን ሆነሻል? ነይ ፀጉርሽን ልጠብሽ።»

«ቆይ እማዬ! ሰውዬው እያወራ ነው።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ውሃ ውስጥ ያለው። ስንት ዓመትሽ ነው አለኝ። አራት አልኩት።»

«አንቺ ቀጣፊ!» ጌዚነ ሳቀች። «ሌላስ ምን አለሽ?»

«በሩ አልከፈት ብሎታል። እማዬ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ ለምንድን ነው የሚያለቅሰው?»

የጌዚነ ሳቅ ጠፋ። ልጅቷን ከገንዳው አውጥታ በፎጣ ጠቀለለቻት። ውሃውን ልትደፋው ገንዳውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ግን ልቧ እሺ አላላትም። ተንበርክካ እሷም ጆሮዋን ነከረች።

መጀመሪያ ብረት በብረት ሲመታ ሰማች፤ የሚመታው ሰው የደከመው ይመስላል። ከዚያ ዴትሌፍ፣ ከእሱ በቀር ማንም በማይጠራት ስም ጠራት።

«ድንቢጤ» አላት፣ «ልጅቷ የማን ናት?»