ከተለጣፊው ሥር

ራሂማ ሱቋ ውስጥ፣ ሬዲዮ በመብራት የሚያሠራውን አዳፕተር ለሽማግሌው ደንበኛዋ ለአቶ ማረው ልታቀብል ስትል ጥፍሯ ተለጣፊውን ነካው። «220 ቮልት» የሚለው ወረቀት በጠርዙ ተላጠ፤ ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ የታተመ ሌላ ቁጥር ታየ፤ 110። ባሏ ሳልህ ከመተማ የገባው ገና ማለዳ ነበር። ያላቸውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ ያመጣው ዕቃ አንድ ካርቶን አዳፕተር ብቻ ነው። ጥግ ካለ ጆንያ ላይ እንደተቀመጠ ቁጥሩን አየ፤ ቀጥሎ እሷን አየ።

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። ልጃቸው ከዘመተ ወዲህ የግንባር ወሬ ሳይሰሙ አይውሉም ነበር፤ የሬዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ ግን ካለቀ ሰነበተ፤ አዲስም ከገበያ ጠፍቷል።

«አባቴ፣ ይህን አልሸጥልዎትም» አለች ራሂማ በደከመ ድምፅ። «የወረታ መብራት 220 ነው። ይህ ሶኬት ላይ ሲሰካ ግሎ ይቃጠላል። ቤትዎ ደግሞ ሣር ክዳን ነው።»

«ሌሎቹስ?» አሉ አቶ ማረው።

«ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው፤ ሁሉም ያው ነው» አለ ሳልህ።

ራሂማ የባሏን ቁጣ ጠበቀች። እሱ ግን ጉልበቱን ይዞ ተነሣና መደርደሪያው ላይ የሚያወራውን የራሱን ሬዲዮ ጀርባ ከፍቶ ድንጋዮቹን አወጣ። ሱቁ ጭር አለ።

«እስኪ በነዚህ ይስሙ፣ አባቴ» ብሎ ከሽማግሌው መዳፍ ላይ አኖራቸው።