የልዑሉ ድምፅ

«እስቲ ዝም በሉ!» አለች ይርጋነሽ፣ የቀዳችውን ብርሌ እንኳ ለጠጪው ሳታቀብል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሬዲዮ ነጋሪት መጎሰም ጀምሯል።

የቢቸና ሰው ክረምቱን ሙሉ ይቺን እሑድ ሲጠብቅ ነው የከረመው። ሰኔ ላይ «የደመናው ዙፋን» የተባለው የሬዲዮ ድራማ የመጀመሪያ ክፍሉ ሲያልቅ፣ ንጉሡ በሞቱ ማግስት አጎትየው ዘውዱን ሊነጥቅ ብሎ ወራሹን ልዑል ከዘንዶ ዋሻ ወርውሮት ነበር። ይሙት ይዳን ሳይታወቅ ዝናቡ ገባ። ከዚያ ወዲህ በገበያው በለው በደጀ ሰላሙ ክርክሩ ሁሉ «ዙፋን ለልጅ ነው ለወንድም?» ሆነ። ሽማግሌው ግራዝማች ፈንታ ብቻ፣ «ኧረ ተዉ! ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያሉ ጭራቸውን ያወናጭፉ ነበር።

ለይርጋነሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ልዑሉን ሆኖ የሚጫወተው ልጇ ይግዛው ነው። አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ መልኩን አላየችም፤ ድምፁን ግን ድራማው ሲኖር በየሳምንቱ ትሰማለች። ለጠጅ ቤቷ ሬዲዮ የገዛችውም ለዚሁ ነው። ልዑሉ በተናገረ ቁጥር ጠጪው «የኛ ልጅ!» ሲል፣ እሷ ልጇ የሚያያት ይመስል ነጠላዋን ታስተካክላለች።

ዘንዶው አገሳ። አንድ ንስር ክንፉን እያማታ ወረደ። ከዋሻው ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ።

«አጎቴ ሆይ፣ አልሞትሁም! ዘውዱም የአባቴ ነው!»

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ገላው አግዳሚው ላይ ወጥቶ አጨበጨበ። ግራዝማች ፈንታ እንኳ ጥንቃቄያቸውን ረስተው «እሰይ! እሰይ የአባቱ ልጅ!» አሉ።

ይርጋነሽ በቆመችበት ደረቀች። ብርሌው አዘንብሎ ጠጁ በክንዷ ላይ ይወርዳል፤ አልታወቃትም።

«ይኼ ልጄ አይደለም» አለች።

«ምን አሉ እትዬ?» አላት ገላው።

«ይኼ ልጄ አይደለም!»

ገላው ሳቅ አለና፣ «ጉንፋን ይዞት ይሆናል እኮ» አላት።

«ጉንፋን ሲይዘው አላውቀውም? ሲያለቅስ አውቀዋለሁ፣ ሲዋሽ አውቀዋለሁ። ይኼ የሰው ልጅ ነው!»

ከዚያ በኋላ ድራማውን ያዳመጠ የለም። ልዑሉ ዘንዶውን ገደለ፣ ሠራዊት ሰበሰበ፤ ሁሉም ግን የሚያየው እሷን ነው። በመጨረሻ ነጋሪቱ ተመታና አስተዋዋቂው የተዋንያኑን ስም ይጠራ ገባ። «ልዑሉን ሆኖ የተጫወተው፣ ገብረ ክርስቶስ...» የአባቱን ስም የሰማ የለም።

አንድ ሰው ብቻ ቀና ብሎ አላያትም። መምህር ከፋለ ነው፤ አዲስ አበቤ፣ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ። ባርኔጣውን አንስቶ ወደ በሩ አመራ።

«መምህር!» ደረሰችበት። «ክረምቱን አገርዎ ነበሩ። ሲመለሱ፣ ልጅዎ ደህና ነው፣ ሰላም ብሎዎታል አላሉኝም?»

«ብያለሁ።»

እስከዚያች ሰዓት አንቱ ስትለው የኖረችውን ሰው በኮቱ ጨምድዳ ያዘችው። «ሞቷል? አንተ! ልጄ ሞቷል?»

«ኧረ አልሞተም! ማርያምን አልሞተም!» ከፋለ ባርኔጣውን ጣለው። «ጉሮሮው ላይ እባጭ ወጣበት። ሐኪሞች ቀደው አወጡለት፤ ሕይወቱ ተረፈ። ድምፁ ግን... የለም እትዬ። ጆሮዎን ካፉ ካላስጠጉ አይሰማም። እንዳልነግርዎ አስምሎኝ ነው።»

ይርጋነሽ ኮቱን ይበልጥ ጨበጠች።

«ይበላል?» አለች።

«ይበላል።»

«እህል ይወርድለታል?»

«ይወርድለታል።»

«ማነው እዚያ የሚያስታምመው? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ ስሰማ፣ አዲስ አበባ ማን አለው?»

ከፋለ በእጁ ወደ መንገዱ አመለከታት። «አዲስ አበባ አይደለም። መስከረም ላይ ከእኔ ጋር ነው የመጣው። ሞጣ ነው ያለው፣ አንድ ወዳጄ ቤት። ለሱቆች የበር ጽሑፍ ይቀባል።»

«ከአንተ ጋር? በዚሁ በደጄ በሚቆመው አውቶቡስ?»

«በዚሁ አውቶቡስ። እዚህ ስንደርስ፣ እንውረድ ብዬ ለመንሁት። እንቢ አለኝ። አገር ሁሉ ድምፄን በሚጠብቅበት ቤት ምን ይዤ ልግባ? አለኝ። እኔ ስወርድ ጋቢውን ተከናንቦ ከመስኮቱ ዳር ቀረ።»

ይርጋነሽ ኮቱን ለቀቀችው። አላለቀሰችም። ጎረቤቷ በዛብሽ ብርሌውን ከእጇ ፈልቅቃ ወሰደችና የራሷን ጋቢ አለበሰቻት። «ቤቱን እኔ እጠብቃለሁ፣ ሂጂ» አለቻት። ገላው ቀድሞ ሮጧል፤ ከደጀን የመጣ ጭነት መኪና ወደ ሞጣ ሊያልፍ መንገድ ዳር ቆሞ ነበርና ሹፌሩን ለመነላት።

ደግፈው ጋቢና ውስጥ አስገቧት። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው። ሹፌሩ ሞተሩን እያስነሳ፣ «እናቴ፣ ሞጣ ማን አለዎት?» አላት።

«ልጅ አለኝ» ልትለው ዞር ስትል በመስኮቱ በኩል የገዛ ቤቷን አየች። ደጀን ሞጣ የሚመላለሰው አውቶቡስም ሰው የሚያወርደው ከዚሁ ነው። ከፍ ብለው ሲያዩት ቤቱ እንዲህ ወለል ብሎ እንደሚታይ አታውቅም ነበር። በሩ ተከፍቷል፤ አግዳሚው፣ ጋኑ፣ ከጋኑ አጠገብ ደግሞ እሷ ዘወትር ቆማ የምትቀዳባት ቦታ፣ አሁን ባዶዋን፣ ከመስኮቱ ዳር ተቀምጦ ለሚያይ ሰው በእጅ የምትነካ ያህል ቅርብ ነች።