ወራጅ አለ

ለአፍታ እንኳ ተጫዋች ያጣ ጌም ወዲያው ይደመሰሳል፤ ሕጉ ይሄ ነው። «ወራጅ አለ»ን ደግሞ ከእኔና ከባለቤቴ ከትርሲት በቀር የሚጫወተው የለም። ሚኒባስ መንዳት ነው፣ በቃ። ሽጉጥ የለ፣ ውድድር የለ። ይሰለቻል ይላሉ። ይበሉ! የተሳፋሪዎቹን ወሬ ቢሰሙ እንዲህ አይሉም ነበር።

እኔ ስተኛ እሷ ትነዳለች፣ እሷ ስትተኛ እኔ። ሰርግም ለቅሶም የምንሄደው በተራ ነው። ከራሳችን ሰርግ ወዲህ አብረን የተነሳነው ፎቶ የለም።

ዛሬ የእህቷ ልጅ ታገባለች። ተራው የትርሲት ስለሆነ ቀሚሷን ለብሳ መስታወት ፊት ቆማለች። እኔ በጌሙ ውስጥ ሜክሲኮ ስደርስ አንዲት ሴት ተሳፈረች።

«ሾፌር፣ የእውነት ሰው ነህ?»

የጌሙ ተሳፋሪዎች እንዲህ አይጠይቁም። «ነኝ። አንቺስ?»

«እኔም። ዘሀራ እባላለሁ፣ ደሴ ነው ያለሁት። አባቴ ይሄን ጌም ይወደው ነበር። እስካሁን መኖሩ ገረመኝ።»

«መንዳት ትችያለሽ?»

«እሱ አስተምሮኛል።»

«ቄራ ላይ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሳይቀመጡ ከተንቀሳቀስሽ...»

«ይራገማሉ! አውቃቸዋለሁ» ብላ ሳቀች።

ይሄን ሁሉ ዘመን ስነዳ የተሳፋሪ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«ወራጅ አለ!» አልኩና መሪውን ለቀቅኩላት።

ትርሲት ከመስታወቱ ዞረች። «ምን አልክ?»

«የሰርጋችን ክራባቴ የት ነው?»

ሁለታችንም አናውቅም ነበር።