ቅርፊቱ ወደ ላይ

ልብስ ሰፊዋ ከባሏ ጋር ዕድሜ ልኳን የተነታረከችው በአንድ ነገር ነው፦ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ሲደረደር ቅርፊቱ ወደ ላይ ይሁን ወይስ ወደ ታች። እሱ «ወደ ታች!» ባይ ነበር፤ እሷ የደረደረችውን ከኋላዋ መጥቶ ካልገለባበጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ባለፈው ክረምት ሲሞት አልቅሳ ቀበረችው፤ በማግስቱ ቅርፊቱን ወደ ላይ አደረገች።

ሰሞኑን ግን እሳቱ እየተዳፈነ አስቸገራት። አመዱን ዛቀች፣ የጭስ ማውጫውን ጥቀርሻ ጠረገች፣ እንጨቱን በደረቅ ቀየረች። ወይ ፍንክች! ዛሬ ከምሳ በኋላ የምድጃውን የብረት በር ከፈት ብታደርግ፣ ጠዋት የደረደረችው ፍልጥ ሁሉ ተገልብጧል።

«አንቺ ነሽ የነካሽው?» አለቻት ልጇን።

«ኧረ እኔ አጠገቡም አልደረስኩ፣ እማዬ።»

እናትየው እጅጌዋን ሰብስባ ፍልጡን በመቆስቆሻ አንድ በአንድ መልሳ ገለበጠችና በሩን ጠረቀመችው። ወዲያው ከውስጥ እንጨት ቀስ እያለ ሲንከባለል ተሰማ። አንዱ። ከዚያ ሌላው።

«በቁምህ ያቃጠልከኝ አይበቃም?» ብላ ጮኸች። «እሳቱም የኔ፣ ቤቱም የኔ ነው! እስቲ እንተያያለን!» የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ይዛ እስከ መጨረሻው ጠምዝዛ ዘጋችው።

«እማዬ፣ በጭስ ልትፈጂን ነው!» ልጅቷ መስኮት ልትከፍት ሮጠች።

ወደ ክፍሉ ግን ምንም ጭስ አልወጣም። ከብረቱ በር ጀርባ የሰው ሳል ተሰማ፤ ሁለቱም የሚያውቁት፣ ያ የትምባሆ ሳል።

«አባዬ?» አለች ልጅቷ።

እናትየው መዝጊያውን አልለቀቀችም።

«ወደ ላይ ነው በል!» አለችው።