የ«ጌት» ሃያ አራት ትርጉሞች

ኖላዊ «ጌት» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለቻይናውያን የሚያስረዳው ክሎዜት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ዳላስ አጠገብ ሜስኪት ከተማ ያለው አፓርትማቸው ግድግዳው ስስ ነው፤ ድምፅ የማይገባው በካፖርቶቹና በጃኬቶቹ መካከል ብቻ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ፍሪስኮ ያለ አንድ ድርጅት ለቻይናውያን በኢንተርኔት እንግሊዝኛ ያስተምራል። አስተማሪው በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ትምህርት በካርድ ይዘጋጅና አንድ ቻይናዊ ተማሪ ይሞክረዋል። ተማሪው «ገባኝ» ካለ ካርዱ ያልፋል። ማንም የማንንም ፊት አያይም፤ የሚታየው ስም ብቻ ነው።

ኖላዊ አፉን የፈታው ደብረ ብርሃን ነው። ማመልከቻው ላይ ግን «ኖላን፣ የቴክሳስ ልጅ» ብሎ ሞልቷል።

ያስሞላው አብሮት የሚኖረው ሀሩን ነበር። «ማን ያጣራል? ፎርም እኮ ነው። ሁሉም የፈለገውን ይሞላል» ብሎት ነበር።

የ«ጌት» ሃያ አራት ትርጉሞች በሃያ አራት ካርድ ቀርበው ሁሉም ካለፉ ኖላዊ ከነኢንሹራንሱ ቋሚ ይሆናል። አንዱ ከወደቀ ወደ መጋዘኑ ይመለሳል፤ እዚያ ሁለት ዓመት ያነሳው ሳጥን ደግሞ ወገቡን አሳምሞታል። ስለዚህ እያንዳንዱን ካርድ ሰባት ጊዜ ጽፎ፣ ስድስቱን ቀድዶ፣ ከቀደደው አንዱን መልሶ በፕላስተር ይለጥፍ ነበር።

ቃሏ ራሷ አታስጨርስም። ሰዎቹ ወተት ቢገዙ ጌት ነው፤ ጉንፋን ቢይዛቸው ጌት ነው፤ ቢያገቡ፣ ቢያረጁ፣ ቢባረሩ፣ ቤታቸው ቢደርሱ ያው ጌት ነው። አንድ ሕዝብ በአንዲት ግስ እንዴት ዕድሜውን ይጨርሳል እያለ ይገረም ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ያስቸገረው ግን ማይኩ ነው። ከድርጅቱ ማስታወሻ መጣለት፤ ድንገተኛ የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፣ ሰው የደነገጠ ይመስላል የሚል። ማይክ ቀየረ። ኤሲውን አጠፋ። ማስታወሻው ደግሞ መጣ።

ሀሩን ከክሎዜቱ በር ሆኖ ጥቂት አዳመጠና ሳቀበት። «ማይኩ ምን በደለህ? አንተ ነህ እኮ። አዎ ለማለት አየር ወደ ውስጥ ትስባለህ፤ እንደ አገር ቤት። እዚህ እንደዚህ ስትል ናይን ዋን ዋን ደውለው አምቡላንስ ነው የሚጠሩልህ።»

ኖላዊ ከዚያ ቀን ጀምሮ «አየር አትሳብ» የሚል ወረቀት ፊት ለፊቱ ለጠፈ። ሲረሳ ጭኑን ይቆነጥጣል። በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሹ ጠፋ፤ ጭኑ ግን ጠቆረ።

ካርዶቹን እንድትሞክር የደረሰችው ተማሪ ስሟ ሊሊ ነው። እንግሊዝኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ እያንዳንዷን ፊደል ጠበቅ አድርጋ ትናገራለች። ገና በመጀመሪያው ቀን ጠረጠራት። ደህና መሆኑን ጠየቀችው፤ ቤተሰቡን ጠየቀች፤ ሥራውን ጠየቀች፤ ከዚያ ደህና መሆኑን እንደገና ጠየቀች። አሥር ደቂቃ አለቀ። ምን ፈልጋ ነው?

በሳምንቱ ቅዳሜ በሦስት እንገናኝ ብላው፣ ከሰዓት በኋላ በሦስት ገብቶ አጣት። መዝገቡን ሲያይ ስድስት ሰዓት ቀድማ ገብታ፣ ብቻዋን ጠብቃ ወጥታለች። የዳላስንና የቤጂንግን ሰዓት አስተያየ፤ አልገጠመም። ሰርዞ እንደገና አሰላ፤ አሁንም አልገጠመም። ጥፋቱን በሒሳብ ችሎታው ላይ ጣለው።

አሥራ አንደኛው ካርድ አልገባትም። ትርፍ ሰዓት ልስጥሽ አላት። አይ፣ አትድከም አለችው። ደገመላት፤ አይ አለች። አፍሮ ሦስተኛ ሲለምናት እሺ አለች።

እሱም ጠንቃቃ ነውና ማስታወሻ ደብተሩ ላይ «የቻይና ባህል» የሚል ርእስ ከፍቶ ሦስቱንም በተራ ቁጥር መዘገባቸው።

ደብተሩን ለሀሩን አሳየው። ሀሩን አነበበና ከንፈሩን መጠጠ። «ባህል አይደለም፤ ልጅቷ ተቆጣጣሪ ናት። ሶ፣ ትዕግሥትህን እየለኩት ነው። ፎርሙ ላይ የዋሸ ሰው ሲሰለቸው አክሰንቱ ያመልጠዋል።»

ኖላዊ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ሃያ ሦስቱ ካርዶች በዚህ ጭንቀት አለፉ። የመጨረሻው ካርድ፣ አንድ ነገር ሲገባን የምንለው «ጌት» ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ክሎዜቱን ዘግቶ ተቀመጠ። አራት ምሳሌ ሰጣት። ሊሊ ግን «ገባኝ» አላለችም።

ድንገት በረዶ ሜስኪትን ይደበድብ ጀመር፤ ጣሪያው ተንጫጫ። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥም የበረዶ ጩኸት ነበር። የገዛ ድምፁ የሚመለስ መሰለውና የማይኩን ገመድ ነቅሎ መልሶ ሰካ። ጩኸቱ አልቀረም።

«ኖላን፣ የት ነው የተወለድከው?» አለችው።

የፈራው ደረሰ። «እዚሁ ቴክሳስ» አለ፤ ድምፁን እንደ አገሬው ጎተት አድርጎ። ነገሩን ከራሱ ለማራቅ ብቻ ጨመረ፤ «አንቺስ ቻይና የት ነው?»

«መሃሉ ላይ» አለች።

እየሳቀችበት እንደሆነ ጠረጠረ። ቋሚው ሥራ፣ ኢንሹራንሱ፣ ሐኪም የሚያየው ወገቡ፣ ሁሉም በዓይኑ ፊት ሄዱ። ከእንግዲህ የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ካርዱ ላይ እንዳለው ደንብ የመጨረሻዋን ጥያቄ ጠየቃት።

«ሊሊ፣ ገባሽ?»

ከበረዶው ጩኸት መካከል አጭር ትንፋሽ ተሰማ፤ ድንገት ወደ ውስጥ የተሳበ፣ ሰው የደነገጠ የሚመስል።

ኖላዊ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አየ፤ ከዚያ አፉን በእጁ ዳሰሰ። ዝግ ነበር።